ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በሞተ ሰው መቅናት

ዋይትሆል፣ ጎህ ሲቀድ

ቅዳሜ ነው፤ ሰኔ 2014። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ዳር ካለው አፓርትመንታችን ወርደን መኪና ውስጥ ስንገባ የአውሮፕላን ማረፊያው መብራት ገና አልጠፋም። ማታ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ፓርኪንጉ ረጥቧል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኒው አልባኒ ካለው መጋዘን ዕቃ እየጫንኩ በየሰው በር ሳደርስ የምውል ሰው ነኝ። በዕረፍት ቀኔ እንዲህ በማለዳ መሪ የጨበጥኩት ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ለሞተ አንድ የስኮትላንድ ባላባት ክብር ነው።

ባለቤቴ ሰናይት ከጎኔ ተቀምጣ በስልኳ ፊቷን እያየች ፀጉሯን ታስተካክላለች። አዲስ ሸሚዝ ለብሳለች። ለአጎቴ ልጅ ሠርግ እንኳ ይህን ያህል አልተጨነቀችም።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለማንም። ሰው ፊት አይደል እንዴ የምንሄደው? ደሬ፣ በጠዋቱ እንዳትጀምረኝ።»

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሰናይት ሆም ኬር ነው የምትሠራው። ፖላሪስ የገበያ ማዕከል አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ትንከባከባለች። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ባንክ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። እሷ ጋሽ አርቺ ትላቸዋለች። ኮቪድ ገብቶ ሁሉም በሩን የዘጋ ሰሞን ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ስላቃታቸው እንድታነብላቸው ለመኗት። ያወጡላት መጽሐፍ የዚያ ባላባት ታሪክ ነበር፤ ዘራቸውን ከእሱ ነው የሚቆጥሩት። እሷም አነበበችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው እኛ ቤት እራት ይበላል። እንጀራ ስንቆርስ ስለ እሱ ነው፣ ዕቃ ስናጥብ ስለ እሱ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ቤቴ ውስጥ የተጠራው ይበቃዋል።

ሳቅ የመጣባችሁ ካላችሁ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን እኮ ፀጉሩ ይመለጣል፣ ሆዱ ይወጣል፣ አንድ ቀን ሚስት ፊት ይዋሻል። የሞተ ሰው ግን ምንም ጥፋት አያጠፋም። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መፎካከር ምን ያህል እንደሚያደክም የቀና ሰው ያውቀዋል።

ያለፈው ሳምንት ደግሞ የባሰው መጣ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሰናይት ወጥ ቤት ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ከጋሽ አርቺ ጋር ታወራለች። ሽማግሌው በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው፣ ሲሞቱ ሬሳቸው እንዲቃጠልና አመዱ ስኮትላንድ ተወስዶ ባላባቱ በተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲያርፍ እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ሰማሁ። ሰናይትም «መልሱን ቅዳሜ ያገኛሉ» ብላ ዘጋች። ለእኔ ምንም አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ይዤው ከረምኩ። ያ ቅዳሜ እንግዲህ ዛሬ ነው።

ፖላሪስ

ቱ ሰቨንቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። መንገዱ ባዶ ነው። ፖላሪስ ስንደርስ ሱቆቹ አልተከፈቱም፤ ሰፊው ፓርኪንግ ላይ አንድ የጽዳት መኪና ብቻ ይዞራል።

ጋሽ አርቺ በራቸው ላይ ዊልቸራቸው ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁን ነው። እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ሽንሽን ጉርድ ለብሰዋል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ካሬ ያለበት። እግራቸው ቀጭን ነው፣ ካልሲያቸው ደግሞ ወፍራም። ደረታቸው ላይ ቀይ ልብ ያለበት፣ ከልቡም በላይ ዘውድ ያለበት ትንሽ ዓርማ ሰክተዋል። ሰናይት ወርዳ ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸው፤ ከአንገታቸው ሥር የቀረ የሳሙና አረፋም በአውራ ጣቷ ጠረገችላቸው። ሥራዋ ነው፤ የሚከፈላት ለዚህ ነው። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ዊልቸሩን አጥፌ ከኋላ ጫንኩ።

«ዴሪ፣ ዛሬ ለመኪናህም ክብር ነው» አሉኝ፤ ደረጀ ማለት አይሆንላቸውም። ከፊት ከእኔ ጎን እሳቸው ተቀመጡ፤ ሰናይት ከኋላቸው ሆነች። በመስታወቱ ሳያት ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሳቸው ትከሻ ነው የምታየው።

ሰቨንቲ ዋን፣ ወደ ሰሜን

ከተማው ካለቀ በኋላ ኦሃዮ ሜዳ ናት። ጉልበት የማይደርስ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ቀይ ጎተራ፣ ጭነት መኪና፣ እንደገና በቆሎ። ሥዕል የሚመስል ነገር የለውም፤ ግን ዓይን ያሳርፋል። ጋሽ አርቺ የመስኮቱን ዕይታ ትተው ታሪካቸውን ጀመሩ። ለእኔ ነው የሚያወሩት፤ ልክ እኔ ሰምቼው የማላውቅ ይመስል።

የባላባቱ አባት እንግሊዝ አገር እስር ቤት ሞተ። ርስቱን የእንግሊዝ ንጉሥ ለሌላ ሰው ሰጠበት። ልጁ ፓሪስ ተሰዶ ቆይቶ ሲመለስ የራሱ የሚለው መሬት አልነበረውም። ከዚያ ለስኮትላንድ ንጉሥነት የተነሣውን ሰው አገኘና ሙሉ ልቡን ሰጠው።

«ከዚያ በሆሳዕና ዕለት…» አሉ።

«ጠላቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ አደጋ ጣለባቸው» አለች ሰናይት ከኋላ። «ከዚያ የራሱን ቤተ መንግሥት ጓዳ ከነምግቡ አቃጠለው። ጠላት እንዳይበላበት።»

«በሆሳዕና?» አልኩ። «በሆሳዕና ዕለት ሰው ይገደላል?»

«እሱንማ እኔም አልወደድኩለትም» አለች። ይህን ስትል ግን ፈገግ ብላለች። እኔ በሆሳዕና ዕለት ስልክ አብዝቼ ብነካካ ሳምንት ነው የምታኮርፈኝ።

ቀጥሎ የቅበላው መጣ። ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ቅበላ ምሽት፣ አንድ ትልቅ ምሽግ ውስጥ ያሉ ወታደሮች ሲበሉና ሲጠጡ ባላባቱና ሰዎቹ ጥቁር ካባ ተከናንበው በድንግዝግዝታ በአራት እግራቸው እየዳኹ ቀረቡ። ጠባቂዎቹ ከግንብ ላይ ሲያዩ የገበሬ ከብት መሰላቸው። መሰላል ጥለው ወጡና ምሽጉን ያዙ። የእንግሊዝ እናቶች ሕፃን ሲያባብሉ «አይዞህ፣ እሱ አይደርስብህም» ይሉ ነበር አሉ። ሰናይት ለዚህ ለቅበላው ጀብዱ የፈረስ ስም አውጥታለታለች፤ አባ ድንግዝግዝ ትለዋለች። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ለእኔ ስም አውጥታ አታውቅም።

«መጨረሻውን ንገሩት» አለች።

መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ስድሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ኢየሩሳሌም ሳልሄድ ቀረሁ ብሎ ተጸጸተ፤ ከሁሉም መኳንንቱ መርጦ ይህንን ባላባት ልቤን አውጥተህ ውሰድልኝ ብሎ አደራ አለው። ባላባቱ ልቡን በብር ሣጥን አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ስፔን ሲደርስ ጦርነት ውስጥ ገባ፣ የተከበበ ወዳጁን ሊያድን ተመልሶ ሮጠ፣ እዚያው ሞተ። ልቡንም የእሱንም አፅም ወደ ስኮትላንድ መለሷቸው። ጋሽ አርቺ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይሰበራል።

እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ የያዝኩት ነገር ነበረኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩ፣ «እኔ ዕቃ አድራሽ ነኝ። ሰውየው የተላከው ኢየሩሳሌም ነው። ዕቃውን ይዞ መንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ ገባ፤ ዕቃው ወደ ላኪው ተመለሰ። በእኛ ሥራ ይሄ አልደረሰም ነው የሚባለው። እኔ እንዲህ ባደርግ ሰኞ ሥራ የለኝም።»

ሰናይት በመስታወቱ ያየችኝን አስተያየት አልገልጸውም። ጋሽ አርቺ ግን አልተቆጡም። መስኮቱን እያዩ «ትክክል ነህ» አሉ። «አላደረሰም።» ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ነው፤ ሰው ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

ነዳጅ ማደያ

ጋሎኑ አምስት ዶላር ገብቷል። ቤንዚን እየቀዳሁ ሰናይት ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ጋሽ አርቺ መኪናው ውስጥ ብስኩት ይበላሉ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ምንም።»

«ሽማግሌውን ለምን ታስከፋብኛለህ? ከዚህ በኋላ ለዚህ የስኮትላንዶች በዓል ዳግም የሚመጡ ይመስልሃል?»

«ዛሬ ምንድን ነው የምትመልሺላቸው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ስልኩን ሰምተሃል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ከሰማህ ጥሩ። ከራሳቸው ትሰማዋለህ» ብላ ወደ መኪናው ገባች።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ነገር ልናገር። ክረምት ላይ አንድ የምናውቀው ወገናችን ሞቶ እድራችን ገንዘብ አሰባስቦ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ላከ። ከለቅሶው ስንመለስ እንደ ቀልድ አድርጌ «እኔስ? ደብረ ብርሃን ትወስጂኛለሽ?» አልኳት። «አንተን እዚሁ ነው የምቀብርህ» አለችኝ፣ ሹራቧን እያወለቀች። «ደብረ ብርሃን ማን አለህ? ማን ይንከራተታል?» እውነቷን ነው፣ ማንም የለኝም። ለእሳቸው ግን ውቅያኖስ ልትሻገር ነው። እኔ ሹራብ ሲወልቅ የሚመለስልኝን ጥያቄ ለእሳቸው ሳምንት ሙሉ አሰበችበት።

የድንኳኑ ሜዳ

ከድምፁ በፊት የሚደርስባችሁ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ነው። ከዚያ ዋሽንቱ ይመጣል፤ ዋሽንት ካልኩት፣ በብብት ሥር የተያዘ ስልቻ ነው የሚጮኸው። ሜዳው የካውንቲው የከብት ትርዒት ቦታ ነው። በዓሉ ለሁለት ዓመት በወረርሽኙ ተዘግቶ ስለነበር ሰው እንደ ጉድ ወጥቷል። ፂማም ወንዶች በጉርድ ቀሚስ እንጨት ይወረውራሉ፤ እንጨት ስል የመብራት ምሰሶ የሚያህል ማለቴ ነው። በየዳሩ ድንኳን ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ዘር የራሱ ድንኳን አለው፤ እዚያ ሄደህ የአያትህን ስም ትናገራለህ፤ ወንበር ይሰጡሃል።

የባላባቱ ድንኳን ከሁሉም ይሰፋል። በየቦታው ቀይ ልብ ነው፦ ባንዲራ ላይ፣ ኮፍያ ላይ፣ የቡና ኩባያ ላይ፣ የአንድ ጎረምሳ ክንድ ላይ ተነቅሶ። ከኬንታኪ የመጣ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሦስት ወንዶች ልጆቹን በእሱ ስም እንደጠራቸው ነገረኝ፤ የመጀመሪያውን በመጠሪያ ስሙ፣ ሁለቱን በአባት ስሙ። አንዲት ሴት ከተማዋ፣ ትምህርት ቤቷና ውሻዋ በስሙ እንደሚጠሩ ነገረችኝ። ያንን ልብ ሳያደርስ የሞተ ሰው ሰባት መቶ ዓመት ቆይቶ ኦሃዮ ውስጥ ውሻ ሳይቀር ወርሶታል። እኔ ከኒው አልባኒ ስንት ሺህ ሣጥን አድርሻለሁ፤ በስሜ የተጠራ ድመት የለም።

ሰናይትን እንደ እህት ነው የተቀበሏት። «አንባቢዋ አንቺ ነሽ!» አሉ። የኬንታኪው ሰው ከራሱ ደረት ላይ ልቡን ነቅሎ በሸሚዟ ላይ ሰካላት። እኔ ኬክ የያዘ ሳህን በእጄ አለና ምን ላድርግ? በላሁት። ከዚያም ያን የታወቀ ምግባቸውን አመጡልኝ፤ የበግ ጉበትና ልብ ከአጃ ጋር ተከትፎ በጨጓራ ውስጥ የተቀቀለ።

«ዱለት ነው በለኛ» አለች ሰናይት። እሷ የሐዋርያትን ጾም ይዛ ስለነበር አልቀመሰችም። እኔ ልጠላው አስቤ ነበር፤ ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው። ሁለተኛ ሳህን ጠየቅሁ፤ በዚህም ተናደድኩ።

ከዛፉ ሥር

ፀሐዩ ሲበረታ ጋሽ አርቺን ወደ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ገፋናቸው። «ሰናይት፣ ሻይ ታመጪልኛለሽ?» አሏት። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ እኔም እሳቸውም እናያለን። እሷ ሄደች።

ሰናይት ሰልፉ ውስጥ እስክትገባ ጠበቁ።

«ስለ ስልኩ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ። ሰናይት መሄድ ከፈለገች እኔ አልከለክላትም» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የተናገርኩት።

«ሰናይት?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ሰናይትን አይደለም የጠየቅሁት። አንተን እንድትጠይቅልኝ ነው የለመንኳት። እሷ ግን እምቢ አለች። እንዲህ ያለ አደራ በሰው አይላክም፣ ሰውየውን ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ፣ ፊት ለፊት ይጠይቁት፣ መልሱንም ከራሱ ያገኛሉ አለችኝ።»

«እኔን? ለምን እኔን?»

«ሁለት ዓመት ስለ አንተ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ለዚያ ነው» አሉ፣ ትንሽ መረር ብሏቸው። «ጠዋት ስትመጣ ያንተን ወሬ ይዛ ነው። ያኔ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ዴሪ ወጣ። ዴሪ ለማታውቀው አሮጊት ውሃ ሦስተኛ ፎቅ አወጣላት። ዴሪ ዕቃ ዝናብ ላይ ጥሎ አያውቅም፤ በር የሚከፍት ሲጠፋ የራሱን ጃኬት አልብሶት ነው የሚሄደው። እንደ ዴሪ ያለ ሰው አላየሁም። ገንፎዬን እየበላሁ ይሄን ነው የምሰማው። ሰለቸኝ። ከእኔ ወገንም አንድ ጀግና ይኑር ብዬ ነው መጽሐፉን ያወጣሁት።»

ያንን የጃኬቱን ነገር እኔ ቤት ስናገር ያገኘሁት መልስ «ጃኬቱን ማን ሊያጥብልህ ነው?» የሚል ነበር።

«ጠዋት የተናገርከውም ልክ ነው» አሉ። «እሱ አላደረሰም። እኔ የሚያደርስ ሰው ነው የምፈልገው። የቲኬቱንም የሁሉንም ነገር ጠበቃዬ ያውቀዋል። የምለምንህ እጅህን ብቻ ነው።»

ሬሳ ተቃጥሎ አመዱን መያዝ ለእኛ ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቁም ይሆናል ብዬ ልነግራቸው ፈለግሁ። አልነገርኳቸውም። ሰናይት ሦስት የወረቀት ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ቀስ እያለች ስትመጣ አየኋት። አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ምንም ሳትጠይቅ ሻዩን አደለችን።

ወደ ኮሎምበስ

ስንመለስ ጋሽ አርቺ ተኙ። አፋቸው ተከፍቶ ራሳቸው ወደ እኔ ትከሻ ያዘነብላል። ለሁለት ዓመት የቀናሁባቸው ሰው ሲተኙ የሚያንኮራፉ ተራ ሽማግሌ ናቸው። መንገዱ ያው በቆሎ ነው። ሰናይት ከኋላ ጫማዋን አውልቃለች።

ፖላሪስ ስንደርስ ሱቆቹ ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዊልቸሩን ዘርግቼ እስከ በራቸው ገፋኋቸው። ሰናይት መድኃኒታቸውን ልታዘጋጅ ቀድማ ገባች። በሩ ላይ ቆም አልኩና ጎንበስ ብዬ «አደርስልዎታለሁ» አልኳቸው። «መንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ አልገባም።»

እጄን ያዙኝ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። «ባላባቱም እንዲህ ብሎ ነበር የወጣው» አሉና ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

ከዚያ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ሰናይት አሁን ከፊት ተቀምጣለች።

«ምን አልካቸው?»

«አደርሳለሁ አልኳቸው።»

«አውቄያለሁ» አለች።

«ለሳቸው ስለ እኔ የምታወሪውን ለምንድን ነው ለእኔ የማትነግሪኝ?»

«የቱን?»

«ሁሉንም። የውሃውን፣ የጃኬቱን።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አፍራለች፤ ጆሮዋን ሳይ ያስታውቃል። «ቤታችን እንዲህ አይወራም። እናቴ አባቴን ፊቱ ላይ ስታመሰግን ሰምቼ አላውቅም። ሞቶ ነው ያመሰገነችው፣ ለለቀስተኛ።»

«እኔ እስክሞት ልጠብቅ ነዋ?»

«አትሙት» አለች ቆጣ ብላ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ ለስለስ አለች። «እሺ፣ አድርሰህ ስትመለስ እነግርሃለሁ።»

ዋይትሆል ገብተን መኪናውን አቁሜ ሞተሩን ሳላጠፋ ትንሽ ተቀመጥኩ። እሷ ቀድማ ወጥታ ከላይ ቤታችን መብራት አብርታለች። የምትለውን እንድሰማ ሄጄ መመለስ አለብኝ፤ እኔ እንድሄድ ጋሽ አርቺ መሞት አለባቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው ነው የምለው፤ ከልቤ ነው። ግን እሳቸው እስካሉ ድረስ ሰኞ ጠዋት ገንፎ እየበሉ ስለ እኔ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።